የካሳዬ እስክንድር

ባሏ ካሳዬ ከተቀበረ ወዲህ የሺሀረግ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ጌታ አጽንቷት ነው» አሉ፤ ሰው ደግ ሲሆን እንዲህ ይላል። እሷ ግን የጸናች ሳትሆን የደነዘዘች ነበረች፤ ያለ ጓንት በረዶ ሲጠርግ እንደ ዋለ ጣት ቢቆነጥጧት አይሰማትም።

ቅዳሜ ልጇ ሊና ከኮሌጅ ደወለች። «ማም፣ ከዳድ ዕቃ ሌላ ምንም አልፈልግም። ያንን ኮይን ብቻ። ነገ መጥቼ ፒክ አፕ አደርገዋለሁ» አለች።

ኮይኑ የጥንት ግሪኮች የብር ሳንቲም ነው። በአንድ ፊቱ የአንበሳ ጎፈር የደፋ ጀግና፣ በሌላው ንስር ይዞ ዙፋን ላይ የተቀመጠ አምላክ አለበት። ጀግናው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከሩ፤ ካሳዬ «እስክንድር» ብሎት አርፏል። የሺሀረግ ግን ባለዙፋኑን ስታይ «ጣዖት ቤቴ አይገባም!» ብላ ስለ ማለች፣ የንጉሡ ኑሮ መኪና ውስጥ ሆነ። ካሳዬ ፍሪድሊ ወዳለው ፋብሪካ ሲመላለስ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው እስክንድርን ይዞ ነበር።

ብሩን ከመኪናው አወጣችው። እስክንድር ጉንጭ ላይ ካለች አንዲት ነጭ ቦታ በቀር ጠቁሯል። የአባት ዕቃ ለልጅ እንዲህ ቆሽሾ ይሰጣል እንዴ? አገር ቤት እናቷ የአንገት ብራቸውን ለድግስ በአመድና በሎሚ አሽተው ነበር የሚያወጡት። እዚህ ብሩክሊን ሴንተር አመድ ከየት ይመጣል? ቤኪንግ ሶዳና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አነሳች። ጎፈሩ ጸጉር በጸጉር ወጣ፤ ዙፋኑም አብረቀረቀ። በጣዖቱ እንኳ አልተቆጣችም። መቆጣትም ልብ ይጠይቃል።

እሑድ ሊና መጣች። ብሩን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ወደ መስኮቱም ወሰደችው።

«ማም፣ ክሊን አደረግሽው?»

«እንዲያምርልሽ ብዬ ነዋ።»

«እዚህ ጋ የዳድ አውራ ጣት ነበረች» አለች ሊና፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «ድራይቭ ሲያደርግ የሚያሻት ቦታ። ሌላው ጥቁር፣ እሷ ብቻ ነጭ። ለዚያ ነው የፈለግኩት።»

የሺሀረግ ብሩን ወሰደች። አሁን ሁሉም ነጭ ነው። ያቺን ቦታ ፈለገቻት፣ አጣቻት።

«የቱ ጋ?» አለች።

ሊና የእናቷን አውራ ጣት ይዛ ጉንጩ ላይ አስቀመጠችላት። ብሩ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። የሺሀረግ አንዴ አሸችው፣ ደገመችው። በረዶ የመታው ጣት የሚያመው ሲሞቅ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ «ካሳዬን በእጄ አጠብኩት» ብላ አለቀሰች።