ከሳሎን የማያልፍ ሲግናል

ወይስ እዚህ፣ ከሳሎኑ በር በላይ፣ ምን ይላል መመሪያው፣ መሣሪያውን ከግርዶሽ ነፃ በሆነና የቤቱን ማእከል በሚይዝ ስፍራ ይስቀሉ፣ ማእከል ይበለኝ እንግዲህ፣ የዚህ ቤት ማእከል ሻንጣዋን ይዛ ከሄደች አስራ አንድ ወሯ ነው፣ ይቅርታ የምትል አንዲት ቃል ከባሏ አፍ አጥታ፣ ይህን ደግሞ መመሪያው አልጻፈውም።

መሰላል ላይ ነው ሰውየው፣ በአንድ እጁ ድሪል፣ በሌላው እንደ ሰሃን ክብ የሆነች ነጭ አክሰስ ፖይንት፣ ዋይፋይ የምታሰራጭ፣ በኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ የሴት ልጁ የሚጢ መኝታ ቤት። አስራ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ኔትወርክ ሲዘረጋ የኖረ ቴክኒሺያን ነው፣ ሆቴል ዘርግቷል፣ ክሊኒክ ዘርግቷል፣ ኮርኒስ ካየ የቱ ጋ እንደሚበሳ ዓይኑ ይነግረዋል፣ ዛሬ በገዛ ቤቱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ይዳስሳል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አሮጌው ራውተር ሳሎን ነው ያለው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወፍራም ግድግዳ መሃል ይገባና ሲግናሉ ሚጢ ክፍል አይደርስም፣ ስለዚህ ሚጢ ሳሎን ናት፣ የቤት ሥራዋ ሳሎን፣ ቪዲዮዋ ሳሎን፣ እግሯን ሶፋው ላይ አጣጥፋ፣ ባይነጋገሩም አንድ አየር ይተነፍሳሉ፣ እሱ ዜናውን ያያል እሷ ስልኳን፣ አንዳንዴ አባዬ እስቲ ይህን እይ ትለዋለች፣ አንዲት ድመት ከፍሪጅ ላይ ስትወድቅ፣ ይስቃሉ፣ ይኸው ነው፣ ለእሱ በቂው ነው፣ ከበቂም በላይ። ይህቺ ክብ ነገር ከተሰቀለች ግን ሚጢ ክፍሏ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ከእናቷ ጋር ታወራለች፣ እናትየው ደግሞ ስታወራ ድንጋይ ታሳምናለች፣ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው፣ ዛሬ እንዴት ዋልሽ የኔ ቆንጆ፣ ነገ ደግሞ እኔ ጋ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼልሻለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጅት ልብሷን ሸክፋ በር ላይ። የሚፈራው ይህን ነው። ሌላ ምንም አይፈራም።

ፈሪ፣ አንተ ሰውዬ።

ሱቅም ውስጥ እንዲሁ ሆኗል። ሚጢ ለክፍሌም ይድረስልኝ ካለችው ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቃ አልገባም፣ ጥሩው አልቋል፣ እያለ ሲያዘገያት ቆይቶ ትናንት ከሥራ ሲወጣ ሄደ፣ ባለሱቁ የድሮ ወዳጁ ነው፣ ሦስት ዓይነት ደረደረለት፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ ባለ አራት አንቴናው፣ ይህቺ ኮርኒስ ላይ የምትሰቀለው፣ ለየትኛው ደንበኛ ነው አለው፣ ስንት ክፍል ነው ቤቱ፣ እሱ ደካማው የቱ ነው ብሎ ሊጠይቅ ምንም አልቀረው። ደካማ ዕቃ ፍለጋ ሱቅ የሚገባ ቴክኒሺያን፣ ጉድ እኮ ነው። የመረጠው ጥሩዋን ነው፣ ግን ለጥራቷ ብሎ አይደለም፣ ጉልበቷ ከውስጥ ስለሚስተካከል ነው፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ ከእሱ በቀር በዚህ ቤት ማንም የማይነካው ነገር። አራዳ ነኝ ብሏል በሆዱ።

ይበሳል። አቧራው ዓይኑ ውስጥ፣ ኬብሉን ይስባል፣ ያጠብቃል፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ። ወርዶ መሰላሉ ሥር ይቀመጥና ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ስም ይጠይቀዋል፣ ይሰጣል፣ ፓስወርድ፣ ይሰጣል፣ የሲግናል ጉልበት የሚለው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቀስ ይላል፣ ዝቅተኛ። በስልኩ እየለካ ይራመዳል፣ ሳሎን በር ላይ አራት መስመር፣ መታጠቢያ ቤቱ ጋ ሁለት፣ ሚጢ በር ላይ አንድ፣ ገባ ሲሉ ባዶ። ልክ ደፏ ላይ ይሞታል። ሌላ ሰው መቶ ጊዜ ቢሞክር እንዲህ አይገጥምለትም፣ ለአንድ አፍታ በሥራው ይኮራል፣ ከዚያ ያፍራል።

አልቋል፣ ነይ ሞክሪው፣ ይላታል።

እየሮጠች ትመጣለች፣ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው ግን ደስ ሲላት ስድስት ትሆናለች፣ ትገባለች፣ ትዘጋለች፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ይከፈታል። እንቢ አለ እንዴ፣ ይላታል ቀድሟት፣ ግድግዳው ነው፣ ብረት አለው መሰለኝ፣ ውሸታም፣ ብረት የለውም፣ ብሎኬት ነው፣ ሲገነባ ቆሞ አይቷል። ብትነጫነጭ ይሻለው ነበር። እሷ ግን አቧራውን ከትከሻው ላይ ታራግፍለታለች።

ግድ የለም አባዬ፣ ደከምክ እኮ፣ ለእማ ሶፋው ላይ ሆኜ እጽፍላታለሁ።

ደከምክ እኮ። ሄዳ ትቀመጣለች፣ ያያታል፣ ትጽፋለች ታጠፋለች፣ ትጽፋለች ታጠፋለች፣ በዓይኗ ጥግ እሱን ትፈልጋለች፣ አሁን ነው የሚታየው፣ አስራ አንድ ወር ሙሉ ይህቺ ልጅ ከእናቷ ጋር፣ ሰላም ነኝ እማ፣ አባዬም ደህና ነው፣ ከማለት አልፋ በድምፅ ስታወራ ሰምቷት አያውቅም፣ ከዚያ በኋላ ጣቷ ብቻ። እሱ አብሯት የተቀመጠ መስሎት ዘበኛ ሆኖ ከርሟል። የገዛ ልጁ ላይ፣ ለዚያውም ዜና እያየ።

ላፕቶፑን ይስባል። ከፍተኛ። ጣቱ ይቆማል፣ ከዚህ በኋላ መልሼ ዝቅ ባደርገው፣ ለምን ጠፋ ስትለኝ አላውቅም እላለሁ እንዴ፣ ስንት ጊዜ እዋሻታለሁ፣ ይጫነዋል። እስቲ አሁን፣ ይላል፣ ሳያያት።

በሩ ይዘጋል። እሱ ወለሉ ላይ የወደቁ ብሎኖች ይለቅማል፣ እያዳመጠ አይደለም፣ ብሎን እየለቀመ ነው፣ ሁለት ብሎን ግን ስንት ደቂቃ ይለቀማል። መጀመሪያ ሳቅ ነው፣ እንደፈራው፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ ከዚያ ልቅሶ፣ የታፈነ አይደለም፣ አፍ ሞልቶ የሚወጣ፣ ሳግ እየቆራረጣት፣ እናቷ ስትሄድ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፣ ጠንካራ ናት ብሎ ለሰው ሁሉ ሲያወራ፣ የት ታልቅስ፣ ሶፋው ላይ ነው፣ አጠገቡ፣ እና ከሳጉ መሃል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይመጣል።

አታስጨንቂኝ እማ፣ መምጣቱንማ እፈልጋለሁ፣ እሱን ብቻውን ጥዬው እንዴት ልምጣ።

እሱን ማለት እኔን ነው። መሰላሉን ይይዛል። ታዝንልኛለች፣ ልጄ ታዝንልኛለች፣ ድመቷን ስታሳየው የነበረው እንዲስቅ ነው፣ በሽተኛ እንደሚያጫውቱ፣ የማትሄደው ወድዳው ብቻ መስሎት ነበር፣ እሱ እንዳትሄድበት ሲጨነቅ እሷ መሄድ አቅቷት ስትጨነቅ።

ከዚህ በላይ መስማት ነውር ነው። ወጥ ቤት ይገባል፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፣ የታጠበ ሰሃን አንስቶ እንደገና ያጥባል፣ ሆን ብሎ እያንኳኳ፣ አባቴ ሥራ ላይ ነው አይሰማኝም ብላ እንዲወጣላት፣ እና ከውሃው ድምፅ ሥር እራት ላይ የሚላትን ቃል ይሞክራል፣ ሂጂ፣ ቃሉ አልወጣም፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሂጂ የኔ ልጅ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ደህናው ላይ ድምፁ ይከዳዋል፣ እንዲህ ከሆነ አታምነውም፣ ሌላ ሰሃን ያነሳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ሂጂ