የጨመርኳቸው አሥራ አምስት ደቂቃዎች

ከወዲያኛው ጣቢያ እስከ እኛ ሜዳ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በአርባ ደቂቃ ይደርሳል። የበረራ ሰሌዳው ላይ ግን ሃምሳ አምስት ይላል፤ አሥራ አምስቱን የጨመርኩት ሰሌዳውን የማወጣው እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት መንገደኛው ሁሉ “ዘገየ” እያለ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ፣ ጨምሬ ጻፍኩና ተገላገልኩ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላናችን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። አለቆቼ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፉልኛል፤ አብራሪዎቹ ደግሞ “ጨምር” የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ያን ቀን ግን ከየት መጥቶ ሳቅ! ልጄ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታለች። ደሟ እንደ ልብ የማይገኝ ዓይነት ነው፤ ሐኪሙ፣ ደሙ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ካልደረሰ እንደማትተርፍ ለባለቤቴ ቁርጡን ነግሯታል። ደሙ በወዲያኛው ከተማ ተገኝቶ አውሮፕላኑ ላይ ተጭኗል። የእኛ ሜዳ ደግሞ መብራት ስለሌለው አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ይዘጋል። አሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ። የወዲያኛው ጣቢያ በረራ ፈቃጅ ናት።

“ወንድሜ፣ አዝናለሁ። አሁን ቢነሳ አሥራ ሁለት ከሃያ አምስት ነው የሚደርሰው። ነገ ጠዋት ይምጣ።”

“አርባ ደቂቃ ነው እህቴ! ሃምሳ አምስቱ ውሸት ነው።”

“ማን ነው የዋሸው?”

“እኔ።”

ስልኩ እንደሚቀዳ ሁለታችንም እናውቃለን።

“አራት ዓመት ሙሉ ሃምሳ አምስት ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ ልጅህ ስትታመም አርባ ሆነ? ሰባት ሰው ተሳፍሯል። የትኛውን ቃልህን ልመን?”

እውነቷን ነው። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ የተናደድኩት ግን በራሴ ነበር።

“የኔን ቃል ተዪው፤ አብራሪውን ጠይቂው። ከተነሳበት እስካረፈበት ያለውን ደቂቃ ሁሌ በማስታወሻው ይይዛል።”

ስልኩን ሳትዘጋ በሬዲዮ ጠየቀችው። ድምፁ ከሩቅ ይሰማኛል። “አርባ፣ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ዘጠኝ... ከአርባ ሁለት በልጦ አያውቅም። ጨምር ነው እኮ የጨመረው!”

“ይነሳ” አለችኝ። “የቀረውን ከአለቆችህ ጋር ትነጋገርበታለህ።”

አሥራ አንድ ከሠላሳ ሦስት ላይ ተነሳ። ሜዳው ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ነፋሱ ከፊት ለፊቱ ነበር፤ ከሩብ ካለፈ ግድ መመለስ አለበት። አሥራ ሁለት ከአሥር፣ ምንም የለም። ከአሥራ ሁለት፣ ምንም። በኔ ቃል ሰባት ሰው ሰማይ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሰዓቴን ደግሜ አየሁ። ልክ ከአሥራ አራት ሲል ጎማው መሬት ነካ።

የደሙን ሳጥን ታቅፌ አምቡላንሱ ውስጥ ዘለልኩ። ሹፌሩ ነዳው። ወዲያው ባለቤቴ ደወለች።

“አርፏል! ደሙ እጄ ላይ ነው!”

“በስንት ደቂቃ ትደርሳላችሁ?”

“በአሥራ ሁለት።”

ስታለቅስ ይሰማኛል።

“ያንተን ሰዓት አውቀዋለሁ። እባክህ ሹፌሩን አገናኘኝ።”

ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። “አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው እህቴ፣ አይዞሽ” አላት።

“በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይደርሳል!” ብላ ለሐኪሙ ስትጮህ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።