አስራ ሁለት ወይስ ሃያ አንድ

ሻለቃው የማተሚያ ቤቱን በር በእርግጫ ብሎ ሲገባ፣ ፊደል ለቃሚው ሽማግሌ የአዋጁን የመጨረሻ መስመር ደርድረው እየጨረሱ ነበር። ሳይወዱ በግድ ነው የሠሩት። በየዓመቱ የሚከበር የነጻነት ቀን ይታወጅ ሲባል፣ አገር ምድሩ የጠበቀው የወሩን አስራ ሁለተኛ ቀን ነበር። አገሩን ይገዙ የነበሩት ባዕዳን ገበያ መሃል ተኩስ ከፍተው አርባ ሰው የፈጁት፣ ሕዝቡም ሆ ብሎ የተነሳው ያን ቀን ነው። ከአርባዎቹ አንዷ የሽማግሌው ልጅ ናት፤ አንድያ ልጃቸው! እነሻለቃው ግን ባዕዳኑን አባረን ቤተ መንግሥት የገባንበት ሃያ አንድ ይሁን አሉ። ጠመንጃ የያዘውን ማን ይከራከራል?

እናም ሽማግሌው ሃያ አንድን ለቀሙ። ታዲያ የማተሚያ ፊደል የሚደረደረው እንደ መስታወት ምስል በግልባጭ ነው፤ የሚቃናው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው። ትልልቆቹ የእንጨት ቁጥሮች ለማያውቅ ሰው «12» ይመስላሉ።

«ምንድነው ይሄ? አስራ ሁለት? ልትጫወትብኝ ነው አንተ ሽማግሌ?»

«ጌታዬ፣ ሲታተም እኮ ይገለ...»

በሽጉጡ እጀታ አፋቸውን አላቸው። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ወለሉ ላይ ወደቀ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው አማቻቸው፣ የሟቿ ባል፣ ዘሎ ሊገባ ሲል ሻለቃውን ተከትሎ የገባ አንድ ወታደር አፈሙዝ ጉሮሮው ላይ ደቅኖ ከግድግዳ አጣበቀው።

«ሃያ አንድ አድርገው! እዚሁ፣ እያየሁህ!»

ሽማግሌው ለማስረዳት ሦስት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሦስቴም ተመቱ። በአራተኛው ማስረዳቱን ተዉት። ወይ ጉድ! ሰውየው እኮ የልጃቸውን ቀን በገዛ አፉ እየሰጣቸው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አቀያየሩ።

«እንዲህ ነው ጌታዬ?»

«እንዲህ ነው! ካልተደበደባችሁ አይገባችሁም።»

አማቻቸው ከግድግዳው ተለቆ የተደረደረውን ፊደል ማሽኑ ላይ ሲያስር ቁጥሩን አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«አባባ...»

«አዛዡ ያሉትን አትም!»

ሻለቃው የመጀመሪያውን ወረቀት እንኳ ሳያይ ተቻኩሎ ሄደ። አዋጁ በመኪና ተጭኖ ከተማው ሁሉ ተለጠፈ። እኩለ ቀን ላይ መንገዱ በሰው ተጥለቅልቆ «አስራ ሁለት!» እያለ ይጮህ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ተሳስተናል ብሎ ማን ይመልሰው?

ሻለቃው እየበረረ ተመለሰ።

«ማነው የቀየረው?»

«እርስዎ ነዎት» አሉ ሽማግሌው። ወታደሩ እንኳ አቀረቀረ።

ሻለቃው ቀኝ እጃቸውን ጎትቶ ማሽኑ ውስጥ ከተተና መዘውሩን ራሱ ያዞረው ጀመር። አጥንታቸው ሲደቅ አማቻቸው ጮኸ፤ እሳቸው ግን አልጮኹም። ደጅ ሕዝቡ የአርባዎቹን ሙታን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ነበርና፣ እንዳያመልጣቸው ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ። የልጃቸው ስም ሲጠራ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ጮኹ።