ባለቤት የሌለው እጅ

በትምህርት ቤታችን ጨለማ ክፍል በሚታጠብ ፎቶ ሁሉ ላይ፣ የተነሳው ሰው ግራ ትከሻ ላይ አንድ እጅ ይወጣል። ግራ እጅ ነው፤ ባለቤት የለውም። ከአንጓው በኋላ የሚታየው ግድግዳ ወይም ዛፍ ነው። አውራ ጣቱ ነጠብጣብ ባለው ጨርቅ ታስሯል፤ ቋጠሮው ሁለት ጆሮ አለው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል የሥነ ጥበብ አስተማሪያችን መምህር ዘውገ መጀመሪያ ወረቀቱን ቀየሩ። ቀጥሎ የፎቶ ማጠቢያውን መድኃኒት ደፍተው አዲስ በጠበጡ። ከዚያ ከአክስታቸው ልጅ ሌላ ካሜራ ተዋሱ። እጁ አልሄደም። በመጨረሻ የቅንብር ስህተት ነው ብለው ደመደሙና እጅ ካለበት ፎቶ ሁሉ ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ መቀነስ ጀመሩ። ሁላችንም ከአሥር ስምንት ስለምናገኝ ማንም አልከፋውም። ለሥዕል ትምህርት ስምንት ምን አነሰው።

ስሜ ምንትዋብ ነው። እልኸኛ ናት ይሉኛል፤ ነኝ። ከክፍሉ ስድስት ተማሪዎች የሰው ፎቶ ቀድሜ ያነሳሁትም እኔ ነኝ፤ የበር ዘበኛችንን ጋሽ ለማን። በሩ ሥር አስቀምጬ፣ ፊታቸውን ግማሹን ብርሃን ግማሹን ጥላ አድርጌ አነሳኋቸው። ፎቶውን ሲያዩ «ሰው አስመሰልሽኝ» አሉ። ስለ እጁ ምንም አላሉም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁርሳቸውን በሉ፣ በሩን ከፈቱ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ሞቱ።

ቤተሰባቸው ከመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ሌላ ስላልነበረው የእኔን አሳድጉልን ብሎ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ እየተቀባበሉ አለቀሱበት። ስለ እጁ የጠየቀ የለም። እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሚቆም ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከሠርግ ወይም ከማኅበር ፎቶ ተቆርጦ ያደገ ነው፤ አጠገቡ የነበረው ሰው እጅ ትከሻው ላይ ይቀራል። ለቀስተኛው የሆነ ዘመድ እጅ መስሎት አለፈው። እኔም ደረቴን እየመታሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፎቶዬ እንዴት አምሮበታል እያልኩ ነበር።

ፊልም ስላልነበረን በሳምንት አንድ ሰው ብቻ፣ በተራ ነበር የምናነሳው። ከእኔ ቀጥሎ ጓደኛዬ ቢፍቱ የቤተ መጻሕፍቷን ወይዘሮ አፀደን አነሳች። እሳቸውም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቱ። ቢፍቱ ቀኖቹን ደብተሯ ላይ ጽፋ አሳየችኝ። የትምህርት ቤቱ ሻይ ክበብ ወጥ ሠሪ እትዬ ሙሉ ፎቶ ከተነሳች አምስተኛ ቀኗ ነበር።

«እንንገራት?» አልኳት።

«ምን ብለን?»

«ከሰባት ቀን በኋላ ትሞቻለሽ ብለን።»

ቢፍቱ ደብተሯን ዘጋች። «ተዪው» አለች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

አልነገርናትም። ሰባት ቀን ወጧን እየበላን ዝም አልን።

ከእትዬ ሙሉ ቀብር መልስ ጨለማ ክፍል ገባሁ። መምህር ዘውገ በቀዩ አምፖል ሥር ሳህኖቹን ያጥባሉ።

«መምህር፣ የምናነሳው ሰው ሁሉ እየሞተ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ግን የፈተናው ርዕስ የሰው ፊት ነው። ከላይ የመጣ ስለሆነ እኔ አልለውጠውም።»

«ድንጋይ ባነሳስ?»

«ድንጋይ ፊት የለውም፣ ምንትዋብ።»

ከዚያ በኋላ ተማሪው የሚያነሳውን ሰው መምረጥ ጀመረ። ያረፈደውን ሁሉ በጎማ የሚገርፉትን ዩኒት ሊደራችንን አቶ ጥበቡን ተራችንን ትተን በአንድ ቀን አራት ሆነን አነሳናቸው። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ተማሪ የሚጠላቸው ይመስላቸው ስለነበር ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለቅሷቸው ላይ አራት ፎቶ ቆመ፣ ከነአራት እጁ። ከመካከላችን ነግ በእኔ ያለ አልነበረም። እኔም ከአራቱ አንዷ ነኝ፤ አልዋሽም።

የወላጆች ቀን እናቴ መጣች። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። ወንበር ተሸክሜ አዳራሽ ስመላለስ መምህር ዘውገ የመስኮት ብርሃን እንዴት እንደሚያዝ ለተማሪዎቹ ለማሳየት እሷን አስቀምጠው አንስተዋታል። ወደ ጨለማ ክፍል ስገባ ፎቶዋ ሽቦው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። እጁ ግራ ትከሻዋ ላይ ነበር። ወደ መምህር ዘውገ ዞርኩ።

«ለምን አነሷት?»

«ጥሩ ፊት አላት» አሉኝ። «ብርሃኑም የሚያልፍ አልነበረም።»

በቀጣዮቹ ቀናት ያላደረግሁት የለም። ፊልሙ ላይ እጁን በመርፌ ፋቅኩት፤ እንደገና ሳጥበው የፋቅኩበት ጠፍቶ እጁ ወጣ። ፎቶው ላይ ፀበል ረጨሁ፤ ወረቀቱ ተጨማደደ፣ እጁ ደህና ነው። አሥረኛው ቀን ላይ ለራሷ ነገርኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«የማስረክበው አሥራ አራት ዩኒፎርም አለብኝ» አለች። «ለመሞት ጊዜ የለኝም።»

አሥራ ሁለተኛው ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ያ እጅ ትከሻዋን ካልነካ ምንም አትሆንም ብዬ ወሰንኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሱቋ በር ላይ ተቀምጬ የሚገባውን ሰው ሁሉ አውራ ጣት አየሁ። አንድ ጣቱ በፕላስተር የተለጠፈ ሰውዬ መጣ፤ ሌባ ጣቱ ነበር፣ ቢሆንም አላስገባሁትም።

«ደንበኛዬን አባረርሽ» አለች እማዬ።

«ነገ ይመጣል።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፎቶውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቆርጬ ባወጣውስ አልኩ። መምህር ዘውገም ያላማረውን ከፍሬም አስወጡ ነው የሚሉን። ፎቶውን በግራ እጄ ያዝኩና በእማዬ ምላጭ እጁን ከትከሻዋ ላይ ዙሪያውን መቁረጥ ጀመርኩ። አንጓው ጋ ስደርስ ምላጩ አዳለጠኝ። አውራ ጣቴ ደማ።

«አምጪው፣ ይሄ እጅሽ እኮ አያርፍም» አለች። ከመኪናው ሥር ቁራጭ ጨርቅ አነሳች፣ ጠመጠመችልኝ፣ ሁለት ጆሮ አድርጋ ቋጠረችው። እማዬ ስትቋጥር ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ጨርቁ ነጠብጣብ ነበረበት።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ጠዋት ነው የመጣው፤ አንቺ የሰው ጣት ስትቆጥሪ።»

እጄን ከኋላዬ ደበቅኩት። እማዬ ደንበኞቿ ልብስ የሚለኩበት ረጅሙ መስታወት ፊት ወንበሯን አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

«ሰሞኑን ግራ ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞኛል» አለች። «እስቲ እሺልኝ።»

«እጄ ቆስሏል።»

«ለስለስ አድርገሽ።»

«ነገ፣ እማዬ። ነገ አሽልሻለሁ።»

«ነገን ማን አየ» አለችና እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። አንጓዬን አገኘችው። ጎተተችኝና እጄን ራሷ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችው።

መስታወቱ ጠባብ ነው። የሚያሳየው እማዬን ብቻ ነበር፤ በመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ግማሹ በርቶ፣ ግማሹ ጠቁሮ። ትከሻዋ ላይ አንድ እጅ አለ። ከአንጓው በኋላ ግድግዳው ነው።

እጄን ላነሳ ሞከርኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለው እጅ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠበቀ።

«እፎይ» አለች እማዬ፣ ዓይኗን እየከደነች።