የቃልኪዳን ግንብ

ግንብ መሳል ያስተማርኩበትን ቀን ሳስብ፣ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው እላለሁ።

መርሳ ውስጥ የአፀደ ሕፃናት መምህር ነኝ። ስሜ እየሩሳሌም ነው፤ ልጆቹ ግን ቲቸር ነው የሚሉኝ። ቁጡ ናት ይባላል፣ አልዋሹም። ያን ሰሞን ደግሞ ቁጣዬ ብሶ ነበር። የጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ሰው በስሙና በትውልዱ ይፈለጋል። ከሚፈለጉት አንዱ ጨርቅ ነጋዴው ሀጎስ ነበር። ሃያ ዓመት መርሳ ላይ ነግዷል፤ ግማሹ ከተማ የሚለብሰው ከሱ ሱቅ ገዝቶ ነው። አባቱ ትግራይ ነው የተወለዱት ተብሎ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከቤቱ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቢገኝ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሱ በፊት የተወሰዱት ሁለት ሰዎች አልተመለሱም። ልጁ ፊዮሪ የእኔ ተማሪ ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው።

ጠዋት ከአሮጌ ካላንደር የቀደድኩትን የጎንደር ግንብ ፎቶ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ።

«መጀመሪያ አንድ ትልቅ ሳጥን» አልኳቸው። «በአራቱ ጥግ አራት ረጃጅም ጣሳ አቁሙ። ጣሳዎቹ ላይ ግማሽ ግማሽ እንቁላል ድፉባቸው። ጠርዙ ላይ ደግሞ ጥርስ፤ አንዱ ወልቆ አንዱ እንደቀረው እንደናንተ ጥርስ።»

ሳቁ። ሃያ ስድስት ልጅ ወረቀቱ ላይ ተደፋ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ውስጡ ነው። ልጅ ግድግዳ ከሳለ በኋላ ሰዎቹ የት ገቡ ብሎ ይጨነቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ፤ ከምሳ ዕቃዬ ዳቦ አውጥቼ ለሁለት ቆረስኩና ውስጡን አሳየኋቸው።

«ግንቡንም እንዲህ ቆርሰን ውስጡን እናየዋለን። አሁን የየራሳችሁን ቤት ግንብ አድርጋችሁ ሳሉ። ውስጡ ያለውን ሰው ሁሉ አሳዩኝ። አንድ ሰው የረሳ ኮከብ አያገኝም።»

ኮከብ የምለው ግንባራቸው ላይ የምለጥፍላቸውን ቢጫ ወረቀት ነው። ለሱ ሲሉ የማያደርጉት ነገር የለም።

ሥዕሎቹን ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅዬ ሳልጨርስ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ሁለቱም የሰፈር ጥበቃ ናቸው። ፊተኛው ደጀን ነው። ኋለኛው የተማሪዬ የቃልኪዳን አባት ይርጋ ነው። የይርጋ ሚስት አለሚቱና የሀጎስ ሚስት ኣብርሀት አበልጆች ናቸው፤ ቃልኪዳንን ክርስትና ያነሳቻት ኣብርሀት ናት። ይርጋ ግን ጥበቃ ከገባ ወዲህ የሀጎስን ደጅ ቀና ብሎ አያይም። እኔም በዚህ የተነሳ ሰላምታ ከነፈግሁት ቆይቻለሁ።

«የሀጎስ ልጅ የታለች?» አለ ደጀን።

«ክፍሌ ውስጥ ጠመንጃ አይገባም።»

«አትቆጪ እህቴ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቃት። ትልቅ ሰው ይዋሻል፤ ልጅ ግን ያየውን ነው የሚናገረው።»

ፊዮሪ ምን ስላ ይሆን? ጀርባዬን ሰጥቼው የሷን ወረቀት ገመዱ ላይ ፈለግሁ። ሳጥን፣ አራት ጣሳ፣ ውስጡ እናቷና እሷ። ሌላ ሰው የለም። አባቷ ያለበትን አታውቅም ማለት ነው። ተመስገን አልኩ። ልጅ አባቷ የት እንዳለ ባለማወቋ ተመስገን ይባላል? እኔ ብያለሁ።

ይርጋ ወደ ክርክራችን ሳይገባ ገመዱ ሥር መጥቶ ቆሟል። ቃልኪዳን ኮከቧን ግንባሯ ላይ ለጥፋ እጁን ጎተተችው።

«ይኸውልህ አባዬ፣ ቤታችን።»

እኔም አብሬው አየሁ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ይርጋ አለ። ማድቤት ውስጥ አለሚቱ። አልጋ ላይ ቃልኪዳን። ጓዳ ውስጥ፣ ከእህል ጎታው ኋላ፣ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ሰው። ዓይኑ ላይ ሁለት ትልልቅ ክብ ተስሏል። መርሳ ውስጥ ያንን የሚያህል መነጽር የሚያደርገው ሀጎስ ብቻ ነው።

ኮከቡን ስሰጣት እንዴት ሳላይ ቀረሁ? የግንቡን ጥርስ ብቻ ነበር የቆጠርኩት።

ይርጋ አልተነቃነቀም። ፊቱ አመድ መሰለ። አለማወቁን የተረዳሁት ያኔ ነው። ይርጋ ከሲሪንቃ እስከ ወልድያ ሲፈልገው የከረመው ሰው፣ ከይርጋ ከገዛ ጎታው ኋላ ተቀምጦ የይርጋን ሳል ሲሰማ ኖሯል። የፈላጊውን ቤት ማን ይፈትሻል? አለሚቱ ብልህ ናት። አሁን ግን የሀጎስም የሷም ነፍስ ይርጋ አፍ ላይ ነው።

«ምን አገኘህ?» ብሎ ደጀን ሳያስፈቅደኝ ገባ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አረፈ። «ጓዳ ያለው ማነው?»

ይርጋ ጉሮሮውን ጠረገ። ጠበቅሁ።

«እኔ ነኛ» አለ።

«አንተማ በር ላይ ነህ» አለች ቃልኪዳን። «ጓዳ ያለውማ...»

አላስጨረስኳትም። እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ዋሽቼ አላውቅም። «እኔ ነኝ እንደዚህ ያስተማርኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አላየህም? አንዱ ጻድቅ እዚህ ሲጸልይ፣ እዚያ ሲያስተምር፣ ወዲያ ደግሞ ሲያርፍ፤ ሁሉም ባንድ ሥዕል ነው። ልጆቹም እንደዚያው ነው የሚስሉት። ይኸው አባቷ በር ላይ ቆሞ፣ ይኸው ደግሞ ደክሞት ጓዳ ቁጭ ብሎ።»

ደጀን ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፋ ሰው ነው። ራሱን ነቀነቀ። «እውነት ነው፣ እንደዚያ ይስላሉ» አለ። ነፍሴ መለስ ስትል ደግሞ፣ «መነጽሩስ?» ብሎ ጨመረ።

ይርጋ ከደረት ኪሱ የፀሐይ መነጽሩን አውጥቶ አደረገው። ደጀን እሱን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ሁለታችንንም ትቶ ወደ ኋላ ዞረ።

ፊዮሪ ከኋላችን ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ዓይኗ ከጎታው ኋላ ካለው ሰው አልተነቀለም። አባቷን አውቃዋለች። ልጅ የምትወደውን ሰው በአምስት መስመር ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት ሳስተምር ያየሁት ነው።

ደጀን ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፍቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ድምፁን አለሰለሰ።

«ፊዮሪዬ፣ አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ይሄ ባለመነጽሩ ማነው?»

ከዚህ በኋላ እኔ የምለው ነገር የለም፤ ብናገር ያውቅብናል። ባለፈው ሳምንት ባለቀለም እርሳስ ሰብራ አልሰበርኩም ስላለች ጥግ አቁሜያት ነበር። ሁለተኛ እንዳትዋሺ ብዬ አስምያታለሁ። አሁን በልቤ ዋሺ፣ እባክሽ ዋሺ እያልኩ ቆሜያለሁ። አፍሬም ፈርቼም ነበር።

ፊዮሪ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አየች።

«የቃልኪዳን አባት ነው» አለች።

ደጀን ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። ይርጋ ሥዕሉን ከገመዱ አውርዶ አጠፈና ደረቱ ውስጥ ከተተው። «ለእናቷ ላሳያት» አለ፤ መነጽሩን ሳያወልቅ ወጣ።

ፊዮሪ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እግሯ ሥር ሲሚንቶው ረጥቧል። ቀሚሷን ልቀይርላት ጎንበስ ስል አንገቴን ይዛ ጆሮዬ ሥር፣ «ቲቸር፣ አባቴ ከስቷል» አለችኝ።