በእግራቸው የሄዱት

እትዬ ዘኪያ በዐረብ ሀገር ሆስፒታል ውስጥ ሦስተኛውን ኬሞ አልወስድም ብለው ከአልጋው ወረዱ። በአማርኛ ብቻ ስለሚመልሱላት ነርሷ ግራ ገብቷት አማርኛ የሚችል ሰው ፈለገች፤ ከላይኛው ፎቅ፣ ከጥናት ክፍል፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ገሊላ ተጠርታ መጣች።

"ምን ሆነው ነው፣ እትዬ ዘኪያ?"

"ኸላስ ልጄ፣ በቃኝ። ሐኪሙ ለማዳሜ ሲነግራት ሰምቻለሁ። ራውዳ ሰፈር ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ አረብኛ ይጠፋኛል እንዴ? ይሄ በሽታ ከያዛቸው ግማሾቹ ሁለት ዓመት አይሞላቸውም አላት። ታዲያ ለምን ልሰቃይ? ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛዬን፣ አስወጪልኝ ብያታለሁ፤ ደሴ ገብቼ ከልጆቼ ጋር ልሁን።"

ገሊላ ደነገጠች። ቁጥሩ የወጣው ከእሷ ክፍል ነው፤ ከእሷ በፊት የነበረው ሰው የሠራው።

"እስከ ዙህር ሶላት ይታገሡኝ" ብላ ወጣች።

መዝገቡን ከፍታ አንድ በአንድ አየችው። ከመቶ ሃያ ሕመምተኞች ሠላሳ ስምንቱ መምጣት አቁመዋል፤ አብዛኞቹ ወደ ሀገራቸው የገቡ ናቸው። ሰውየው ግን የጠፉትን ሁሉ፣ በጠፉበት ቀን እንደሞቱ ቆጥሯቸዋል። ገሊላ አስተካክላ እንደገና አሰላችው። ሐኪሙን ጠርታ አሳየችው። ሐኪሙ ካየው በኋላ፣ "ልክ ነሽ፤ እኔም እነግራታለሁ፣ አንቺ ግን ቅደሚኝ" አላት።

እትዬ ዘኪያ ሰግደው ቁጭ ብለዋል።

"ቁጥሩ ስሕተት ነበረው፣ እትዬ። ሀገራቸው የገቡትን ሞተዋል ብለው ነው የቆጠሯቸው።"

"ውይ! በእግራቸው የሄዱትን?"

"በእግራቸው የሄዱትን። እኔ እስከታዩበት ቀን ድረስ በሕይወት ነበሩ ብዬ ቆጠርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፤ ስለማላውቀው ደግሞ ሞቱ አልልም። እንዲህ ሲሰላ ግማሾቹ አራት ዓመት ያልፋሉ።"

"እኔስ?"

ገሊላ መዋሸት አልፈለገችም። "የእርስዎን አላውቅም። ይሄ የብዙ ሰው ቁጥር ነው።"

እትዬ ዘኪያ ትክ ብለው አዩአት፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

"እኔም ደሴ ብገባ ልትቀብሩኝ ነበራ!"

ሁለቱም ሳቁ፤ ገሊላ ዓይኗን ጠረገች።

"ያላ በይ፣ ነርሷን ጥሪያት" አሉ እትዬ ዘኪያ። "አንቺ ደግሞ የልጄን የሸሪፋን ስልክ ቁጥር ጻፊ። የጠፋሁብሽ ቀን ደውለሽ ጠይቂ።"