ለሕያው የሚሆን አካፋ

፩

«ኧረ ሴትዮ፣ ሳትገዢው ልትሰብሪው ነው?»

«ከተሰበረ እዚህ ይሰበር።»

፪

እንዲህ ያለችው ስመኝ ናት፤ የሾላ አፋፍ ልጅ። የጠየቃት ባለሱቁ ሸምሱ ነው። በብረታ ብረት ሱቁ ደጃፍ የአካፋውን ጫፍ ድንጋይ ሥር ሸጉጣ፣ በሙሉ ክብደቷ እጀታው ላይ ተንጠልጥላለች። እጀታው ሲጥ አለ።

«ይኼም አይሆንም።»

«እህቴ፣ አሸዋ ልትዝቂበት ነው ወይስ ዝሆን ልትቀብሪበት?»

ደጅ የቆሙት ሳቁ። የስመኝ እጅ ከእጀታው ላይ ወረደ።

፫

አካፋ ስትመርጪ፦

ብረቱን በጠጠር ምቺው። ጥርት ብሎ ካልጮኸ ተዪው። እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበትን አንገት ነቅንቂው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ አትውሰጂ፤ ሲደርቅ ይቀጥንና ብረቱ ይላላል። የሚወልቀው ደግሞ ስትቸኩዪ ነው።

፬

ባለፈው ክረምት ከቤታቸው በላይ ያለው ተራራ ተንሸራተተ። ታናሽ ወንድሟ ይርሳው ላሞቹን ሊፈታ በረት ገብቶ ነበር። ጭቃው ከነጣሪያው ተጫነው።

አልሞተም። ከሥር ሆኖ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር።

ኳ።

ኳ።

፭

የቤቱ አካፋ ወለቀ። እጀታው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ቆርጦ ያስገባው ራሱ ይርሳው ነው። በእጃቸው ጫሩ። በድስት ክዳን ጫሩ።

፮

በሾላ አፋፍ ደህና አካፋ ያለው እድሩ ብቻ ነው። ወፍራም ብረት፣ የወይራ እጀታ፣ በነጭ ቀለም የተጻፈ የእድሩ ስም። የሚወጣው ለመቃብር ነው። ሰው ሳይሞት ያወጣው፣ ሞትን በስሙ እንደጠራ ይቆጠራል።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉት አቶ መንበሩ ናቸው። የስመኝና የይርሳው አባት።

፯

ስመኝ፦ አባዬ፣ ቁልፉን!

አባት፦ አታሟርቺበት። ልጄ በሕይወት አለ።

ስመኝ፦ ስላለ እኮ ነው!

አባት፦ ያንን አካፋ በልጄ ላይ አላወጣም። ይልቅ ቆፍሪ።

ቆፈረች።

፰





(እዚህ ቆርቆሮው ዝም ይላል። ደጋግሞ ተጽፎ ደጋግሞ ተሰርዟል። አንባቢ ሆይ፣ ዝም ብለህ እለፈው።)

፱

ያን ጊዜ አባቷ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ።

የእድሩ አካፋ ጭቃውን እንደ ቅቤ ቆረጠው። ይርሳው ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም።

ገላው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

፲

ሸምሱ ከጓዳ ሌላ አካፋ አመጣ። ተንጠለጠለችበት። እጀታው ሲጥ አላለም። አንገቱን ነቀነቀችው። አልላላም።

«ይኼን እወስዳለሁ።»

«ስም ልጻፍበት? የእድር ነው አይደል?»

«የእድር አይደለም።»

«የማን ልበል ታዲያ?»

«ምንም አትጻፍበት።»

፲፩

ከቤቱ ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ማንም እጁን ዘርግቶ ሊያነሣው በሚችልበት ምስማር ላይ ሰቀለችው።

አባቷ ወጥተው አዩት። ከቀብሩ ወዲህ ሁለቱ ከእህልና ከውሃ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። አቶ መንበሩ እጀታውን ዳሰሱት። ብረቱን ይዘው ሳቡት፤ አልወለቀም።

«ጠንካራ ነው» አሉ።

«ጠንካራ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቁልፉ አሁንም አንገታቸው ላይ አለ።

«ስሙዬ፣ ያን ዕለት ይኼ ቢኖረን ኖሮ... ይተርፍ ነበር?»

፲፪

ስመኝ፦ (እዚህም ተጽፎ ተሰርዟል።)